የአምባላይዋ ባዝራ እግሮች

አት ባሺ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1998

ለዋርሳዬ፣ ለቀዥቃዣው፣

ነፍስና ከብት ደህና? ከብት እንደሌለህ አውቃለሁ፤ ሰላምታችን ግን በግማሽ አይሰጥም። እኛ በአላህ ቸርነት ደህና ነን። ትልቁ ሰው፣ አባትህ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ፈረስ ላይ ከወጡ በኋላ ግን ሕመሙ ይረሳቸዋል። ባዝራዎቹ ጠጉራቸውን አብቅለው ድብ መስለዋል። አምባላይዋ አርግዛለች። ትልቁ ሰው ለሷ የሚያሳዩትን ፈገግታ እኔ በዚህ ቤት ምራት ሆኜ ስኖር አንድ ቀን አሳይተውኝ አያውቁም።

አጥበህ የላክኸው ፎቶ ደረሰ። ያን ሁሉ ያነሳሁት እኔ ነኝ? ባለፈው ዓመት ካሜራህን ጥለህልኝ ስትሄድ «ይህን ብረት አንገቴ ላይ አንጠልጥለህ ደወል ያላት ፍየል ልታደርገኝ ነው?» ብዬህ ነበር። አሁን በረዶ መጣሉን ሳይ እግሬ አልቀመጥ ይለኛል። ሻዩን ትቼ ወደ ገደሉ አፋፍ እሮጣለሁ። ያንተ ቅብጥብጥነት በካሜራው በኩል ሳይጋባብኝ አልቀረም። ደግሞ በአንደኛው ፎቶ ጥግ ላይ የቆመው ወፍራም ተራራ አውራ ጣቴ ነው፤ ስላላጠፋኸው አመሰግናለሁ።

ዘንድሮ ድርቆሹ ትንሽ ነው። ዝናብ ስለቀረ ሳሩ ሳያድግ ደረቀ፤ ያለውንም ያጨድነው አንዲት መበለትና አንድ ሽማግሌ ነን። ወንድምህ ቢኖር ኖሮ... እሱን ልተወው። ትልቁ ሰው «ልጁን ና ብለሽ እንዳትጽፊበት፤ ሰው አገር ሥራ ይዟል» ብለው አስጠንቅቀውኛል። ስለዚህ ና አልልህም። በረዶው ለስላሳ ሆኖ ከከረመ ፈረሶቹ በኮቴያቸው ገፍተው ከሥሩ ያለውን ሳር ይበላሉ፤ ድርቆሹም ለበጎቹ ይበቃል። ካልከረመ ግን ምን እንደምንሆን አላውቅም።

ዕድሜህ ይርዘም፤ ካልሲህም ይድረቅ።

ኩሙሽ


ፒተርስበርግ፣ ዲሴምበር 4 ቀን 1998

ለተወደድሽው እትዬ ኩሙሽ፣ ለወንድሜ ቤት አለኝታ፣

ነፍስና ከብት እንዴት ናቸው? አባባስ? ፖስታው ላይ «ዶሎት» ብሎ ስሜን የጻፈው የአውቶቡሱ ሹፌር ኡሮን እንደሆነ ከእጅ ጽሑፉ አወቅሁ። ሙሽራ ሆነሽ ስትመጪ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ የባል ዘመድ በስሙ አይጠራም ተብሎ ያኔ ያወጣሽልኝ «ቀዥቃዣው» የሚለው ስም ይኸው ጢም ካበቀልኩ በኋላም አልለቀቀኝም። በአፍሽ የማታነሺውን በብዕርሽም አታነሺውም ማለት ነው?

እኔ ያው ነኝ። ቀኑን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም አጥባለሁ። ከዚያ በቀጭን ብሩሽ የሰው ብጉር፣ የፊልም ጭረት፣ ሙሽራ ቀሚስ ላይ የፈሰሰ ወይን አጠፋለሁ። ስወጣ ውጪውም ጨልሟል። ክፍሌ መግባት ስለሚያስጠላኝ ከድልድይ ወደ ድልድይ ስዞር አመሻለሁ። እዚህ የሚጥለው በረዶ መሬት ሳይነካ ጭቃ ይሆናል።

አሁን ዋናውን ስሚ። አንድ የመጽሔት አዘጋጅ ፎቶውን ሊያሳጥብ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያንቺን ተራራ አየና ባለበት ቆመ። ለሽፋን የሚሆን የበረዶ አገር ፎቶ ካመጣሁለት ወደፊት በየአገሩ እየዞርኩ እንዳነሳ ሊቀጥረኝ ነው። እትዬ፣ ከዚህ ጨለማ የምወጣበት በር ይኸ ነው፤ ሌላ የለኝም። ፎቶው በሁለታችን ስም ይወጣል። ግን ሰውየው ሰው ያለበት ፎቶ አይፈልግም። ጢስ አይፈልግም። ዱካም እንዲሁ። ማንም ያልነካው በረዶ ይሁን ብሏል። አዲስ ፊልም ልኬልሻለሁ።

ጸደይ ላይ ልመጣ እችላለሁ። ምናልባት።

ጤናና ሰላም ከቤታችሁ አይጥፋ።

ወንድምሽ ዶሎት


አት ባሺ፣ ዲሴምበር 27 ቀን 1998

ለቀዥቃዣው፣ ለንጹሕ በረዶ ፈላጊው፣

ነፍስና ከብት ደህና ይሁን። እኛ ጋ ሁለቱም ደህና ናቸው።

ሰው ያልረገጠው በረዶ ትላለህ። ላነሳው ስሄድ እኔው ልረግጠው አይደል? ክንፍ አብቅይ በለኝና ይለይልን! ጢስ የማይወጣበት ቤት ደግሞ ሰው የሞተበት ቤት ነው፤ ላንተ ፎቶ ብዬ ኩበቴን አላጠፋም። ይሁን እሺ፣ ቤቱን ከጀርባዬ አደረግሁትና ወደ ላይ ወደ ሸንተረሩ ዞሬ አነሳሁ። ካሜራውን ብብቴ ውስጥ አቅፌው ነው የምሄደው፤ ውጪ ካደረ ፊልሙ በብርዱ ደርቆ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሳነሳም ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ያለዚያ መስታወቱ ላይ ውርጭ ይሠራበታል። ትልቁ ሰው ፈረሳቸው ላይ ሆነው «ኩሙሽ፣ ተራራው ያመልጥሻል እንዴ? እዚያው ነው የኖረው፣ ቀስ በይ» ይሉኛል። እሳቸው ሲስቁ ፈረሳቸውም ጆሮውን ያቆማል።

በረዶው እስካሁን እንደ ዱቄት ነው። ባዝራዎቹ ሲቆፍሩ ጭስ ያስነሱና አፍንጫቸው ነጭ ሆኖ ሳር አፋቸው ውስጥ ይዘው ብቅ ይላሉ። ያንን ባነሳልህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ዱካ አለው አይደል? ተውኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ትቼው ስመለስ ተናደድኩብህ።

ጸደይ ሩቅ ነው። ይኸ ና ማለት አይደለም፤ ስለ አየሩ ነው የምነግርህ።

ሰላም ሁን። ሊጥ አቡክቼ ቦርሶክ ጠብሼ በኡሮን እጅ ልኬልሃለሁ። ግማሹን በመንገድ ይበላዋል፤ ስለዚህ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው የጠበስኩት።

ኩሙሽ


ፒተርስበርግ፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 1999

ለእትዬ ኩሙሽ፣

አዲሱ ዓመት የደስታ ይሁንላችሁ። ነፍስና ከብት ደህና? ቦርሶኩ ሦስት ፍሬ ደርሶኛል፤ ኡሮንን ሳገኘው አንገቱን አንቃለሁ።

በአጭሩ ልጻፍ፤ ክፍል ልቀይር ስለሆነ ዕቃዬ በየመሬቱ ተበትኗል። ካንዱ ክፍል ወደ ሌላው መዞር ለምን እንደማይሰለቸኝ አላውቅም፤ የትም ስገባ አልጋው ጠባብ ይሆንብኛል። አዘጋጁ ሸንተረሮችሽን አየ። «ቆንጆ ናቸው፣ ግን ተኝተዋል» አለ። ብርሃን ይፈልጋል። በረዶው እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅበት ጠዋት ካጋጠመሽ አደራ! እሱን ብቻ አንሺልኝ። የማርቹ እትም ሳይዘጋ መድረስ አለበት።

በረከታችሁ አይለየኝ።

ዶሎት


አት ባሺ፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 1999

ለዋርሳዬ፣

ኡሮን ሞተሩን አስነስቶ ጡሩምባ ሲያስጮህብኝ ፊልሙን በመስኮት አቀበልኩት። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ነው የምልከው፤ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ አላህ ይወቅ።

በረዶው ላይ ዝናብ ዘነበበት። በነጋታው ውርጭ ያዘው። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ትልቁ ሰው የዚያን ነገር ስም በቤት ውስጥ ማንም እንዳያነሳ ብለዋል፤ በመጣ ጊዜ ስሙን የጠራ ያጸናዋል ይባላል፤ አንተም ታውቀዋለህ። ና ማለትም አሁንም ክልክል ነው። ስለዚህ አፌንም ብዕሬንም ዘግቼ አምባላይዋን ጠዋት ፀሐይ ላይ አነሳኋት። የበረዶ ፎቶ ብለህ እንዳታየው። የዚህ ቤት ልጅ ነህና እግሮቿን እያቸው።

ካየህ በኋላ የምታደርገውን ታውቃለህ።

ኩሙሽ


ፒተርስበርግ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1999

እትዬ! እትዬ ኩሙሽ!

ምን ዓይነት ፎቶ ነው የላክሽልኝ! ኡሮን ያስያዘው ሰው ፊልሙን ትናንት አደረሰልኝ፤ ደብዳቤ ግን የለበትም፤ ለመጻፍ ጊዜ አጣሽ መሰለኝ። ግድ የለም። ሳጥበው ምስሉ ከውሃው ውስጥ ብቅ ሲል እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ያ ሜዳ! ሰማይ ወርዶ የተኛበት ይመስላል። ነጯ ባዝራ ደግሞ አንገቷን ደፍታ መሀሉ ላይ ቆማለች፤ ያለ ሰው፣ ያለ ጢስ። አዘጋጁ ሁለት ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ተነሳ። ለሽፋን ተወስዷል!

አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው። የፊት እግሮቿ ላይ ከጉልበቷ በታች ቀይ ነገር ነበር። የፊልም እድፍ ይሁን ሌላ እንጃ፤ ዓይን ይስባል። ተቀምጬ በቀጭኑ ብሩሼ አንድ በአንድ አጠፋሁት። አሁን እግሮቿ እንደ ወተት ናቸው። በሙያዬ እንዲህ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ፎቶ አንሺ ነኝ! ሌላም እንዲህ ያለ በረዶ ካለ ቶሎ አንሺ፤ ሳይቀልጥ።

የደስ ደስ የበላው ወንድምሽ፣

ዶሎት


አት ባሺ፣ ማርች 1 ቀን 1999

ዶሎት።

አዎ፣ ስምህን ጻፍኩት። ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ያልጣስኩትን ዛሬ ጣስኩ፤ እያወቅሁ ነው።

«ነፍስና ከብት ደህና?» እንኳ አላልክም። ስለዚህ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ጁት ነው የመጣብን። አሁን ስለሄደ ስሙን መጥራት ይቻላል። ዝናቡ በበረዶው ላይ ሲረጋ እንደ ብርጭቆ ሆነ። ሳሩ ከሥሩ ይታያል፤ አፍ ግን አይደርስበትም። ፈረስ ሊሰብረው ይቆፍራል፤ ሲሰበር ስለቱ ቅልጥሙን ይቀደዋል። አንተ በብሩሽህ ያጠፋኸው እሱን ነው። አባትህ ካፖርታቸውን ቀደው እግሯን ጠቀለሉላት። ሌሊቱን ጨርቁን በጥርሷ እየበጠሰች ጠዋት እንደገና ትቆፍራለች። ድርቆሹ አለቀ። የቤታችንን ጣሪያ ሳር ሳይቀር አውርደን አበላናቸው። አምባላይዋ ከነሆዷ ወደቀች። ከባዝራዎቹ የቆሙት ጥቂት ናቸው፤ የበጎቹን አትጠይቀኝ።

መስታወት የመሰለ በረዶ ይሁንልኝ ብለህ ተመኝተህ ነበር፤ ይኸው ሆነልህ። እንኳን ደስ ያለህ።

ኩሙሽ


ፒተርስበርግ፣ ማርች 24 ቀን 1999

ለእትዬ ኩሙሽ፣

ነፍስና ከብት ብዬ ለመጀመር አፍሬ ብዙ ወረቀት ቀደድኩ።

የጃንዋሪው ደብዳቤሽ የደረሰኝ ያን ጉደኛ ደብዳቤ ከላክሁልሽ በኋላ ነው። ይህን ስጽፍ ልከራከርሽ ነበር፤ አሁንም እከራከርሻለሁ። ለምን በግልጽ አልጻፍሽም? «ጁት መጣ፣ ድረስልን»፤ በቃ! ስሙን መጥራት ክልክል ነው፣ ና ማለት ክልክል ነው፣ አባባ ይቆጣሉ... በናንተ ዝምታ መካከል እኔ ጠንቋይ ልሁን? ደብዳቤሽን ይዤ ክፍሌ ውስጥ ጮህኩ። ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበ።

ጮኼ ሲወጣልኝ ግን ፎቶውን አወጣሁት፤ ያልተነካውን፣ የመጀመሪያውን። እትዬ፣ እኔ ልጅ ሆኜ ጁት መጥቶ አልነበር? የባዝራ እግር በሱፍ የጠቀለልኩት እኔ አልነበርኩም? አባባ አፋቸውን ከጆሮዬ አጠገብ እያደረጉ «ቀስ ብለህ እሰር፣ ያማታል» ሲሉኝ ይታወሰኛል። የቁስሉ ሙቀት መዳፌ ላይ ነበር። ይኸው ያ እጅ ነው ብሩሹን ይዞ ደሟን ያጠፋው፤ እያጠፋሁም አፏጭ ነበር። ደብዳቤ ባይደርሰኝ ዓይን ደርሶኝ ነበር። በዚህ አልከራከርሽም።

ፎቶውን መልስልኝ ብዬ አዘጋጁ ጋ ሄድኩ። ታትሟል። ሰውየው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ በሚቀጥለው ወር ወደ ሰሜን እንደሚልከኝ ነገረኝ። መሄዴን አላውቅም። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ልምጣ ብል «አትምጣ አላልኩም፣ ና አላልኩም» እንደምትዪኝ ስለማውቅ አልጠይቅሽም።

ይቅር በይኝ። ለአባባ ምን እንደምልላቸው አላውቅም።

ዶሎት


አት ባሺ፣ ሜይ 2 ቀን 1999

ለዋርሳዬ ለቀዥቃዣው፣

ወደ ድሮ ስምህ መልሼሃለሁ፤ ተጠቀምበት።

እኔም ጥፋት አለብኝ። በግልጽ ልጽፍልህ እችል ነበር፤ ትልቁ ሰው ፊደል አይቆጥሩም፣ ምን ጻፍሽ ብለው አያነቡብኝም። ግን ሳልነግርህ እንድታውቅልኝ ፈለግሁ። ወንድምህ እንዲያ ነበር፤ ዝም ስል ይሰማኝ ነበር። አንተን በሱ ስለካህ ከረምኩ፤ ያ ላንተም ለኔም አልጠቀመንም።

ኡሮን መጽሔቱን አምጥቶ ሱቁ ውስጥ ሰቀለው። መንደሩ ሁሉ ተሰልፎ አየ። «የኩሙሽ ፎቶ ሞስኮም ደርሷል» እያሉ አሽሟጠጡብኝ፤ ፒተርስበርግ ነው ብላቸው ማን ይሰማኛል? ከዚያ ትልቁ ሰው ገቡ። መነጽራቸውን አወጡ፤ ጨርቅ አልያዙ፣ በጢማቸው ጫፍ ጠረጉት። ሽፋኑን አተኩረው አዩ። ብዙ ቆዩ።

«ይቺ ባዝራ የማን ናት?» አሉ።

ሁሉም ወደኔ ዞሮ አየኝ።

«አንገቷ የኛዋን ይመስላል» አሉ ቀጥለው። «ጆሮዋም። እግሯ ግን አንድ ቀን ያልቸገራት ባዝራ እግር ነው። በደህና ቤት ያደገች ናት።» ይህን ብለው ጨው ገዝተው ወጡ።

አልነገርኳቸውም። እኔ አልነግራቸውም። ያጠፋኸው አንተ ነህ፤ መጥተህ ራስህ ንገራቸው።

ኩሙሽ


አት ባሺ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2000

ለእትዬ ኩሙሽ፣ ቢሽኬክ የተዳረች ልጇን ለምታርሰው አያት፣

ነፍስና ሕፃን ደህና ናቸው? ልጅሽ በሰላም በመገላገሏ አባባ ሦስት ጊዜ አመስግነው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ «ሴት ናት? ጎሽ፣ ወንዶቹ እንደሆነ ይሄዳሉ» አሉ። ሲሉ እኔን እያዩ ነው። እዚህ ከብት ደህና ነው። ቦርሶክ ልጠብስ ብዬ ያቃጠልኩትን ውሻው አሽትቶ ትቶታል።

እስካሁን አልነገርኳቸውም ነበር። የመጽሔቱን ሥራ ትቼ ከመጣሁ ጀምሮ ዛሬ እላለሁ ነገ እላለሁ፣ ድርቆሽ ሳጭድ ከረምኩ፤ ማጭዱን ስይዝ አፌ ይያዛል። አንቺም ሳትሄጂ በዓይንሽ ብቻ ስትጠይቂኝ ነበር፤ ይኸ ዓመልሽ አይለቅሽም።

ትናንት ሞቅ ያለ ነፋስ መጣ፣ ደመናውም ወረደ። ጥቂት ጠብታ ፊቴ ላይ አረፈ። አባባ በሩ ላይ ቆመው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እኔም አልተናገርኩም። ጠዋት ወጣሁ። ሜዳው ያብረቀርቃል። አስጠላኝ። ሮጬ ሄጄ በተረከዜ መታሁት። እንደ ቂጣ ከሽ ብሎ ተሰበረ! ስስ ነው፣ ከሥሩ ዱቄት ነው፣ ሳሩም ደረቅ ነው። ባዝራዎቹ ከኔ ቀድመው እየቆፈሩ ነበር። እያንዳንዷን ተንበርክኬ እግሯን በእጄ ዳሰስኩ፤ አንዷ በጭራዋ ጠበጠበችኝ። ከዚያ በረዶው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አባባ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ቁጭ እንዳልኩ ነገርኳቸው። ያቺ የመጽሔቷ ባዝራ የኛዋ አምባላይ ናት፣ ደሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«እትዬ ኩሙሽ ነገረችዎት?»

«ኩሙሽ ምን ትነግረኛለች? ስትወለድ በእጄ የተቀበልኳትን ባዝራ አላውቃትም?»

«ታዲያ ሱቅ ውስጥ የማን ናት ያሉት...»

«ኩሙሽ እንድትጽፍልህ ነዋ!» ሲሉ ጢማቸው ሥር ፈገግ አሉ። «ስማ፣ ያ ሁሉ ከብት ሲወድቅ በየቀኑ መንገዱን አይ ነበር። ና በይው እንዳልላት ራሴ ከልክያለሁ፤ ሽማግሌ ቃሉን ያጥፋ? ምን ላድርግ? የማን ናት አልኩ።»

እትዬ፣ አንቺንም እኔንም እንደ በግ ነድተውናል። እጃቸውን ሰጥተውኝ አነሱኝ፤ መዳፋቸው እንዴት እንደቀለለ አታውቂም። «አንተ ደም አላየህም፣ እኔ አፍ አልነበረኝም» አሉ። «እንግዲህ እኩል ነን። አሁን ፈረሴን ጫንልኝ።»

ጫንኩላቸው።

ዶሎት